የመረብ ጠጋኟ ቤት ደንብ

ሙሮስ ወደቡ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
በአረንጓዴ ናይለን፣ በመረብ ሥራ፣
ጣቴ ተላልጦ የማድር ሴት ነኝ።
ሦስት ልጆች መጡ፤ ዳኛ አስረከበኝ።
ብራይስ አሥራ ሦስት፤ ጫማው የጠበበው፣
ሳቤላ አሥር ዓመቷ፤ ካልሲዋን ለእንቅልፍም የማታወልቀው፣
ኡሺዮ ትንሹ፣ ስድስት ያልሞላው።
ጓዛቸው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፎጣ ለሦስት።
አንድ አልጋ ላይ ነበር እዚያ የሚያድሩት፣
በሩን በወንበር ደግፈው፣
እንደ ሰርዲን ታጭቀው፣
ኮቴ ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ውጠው።

አባታቸው ታስሯል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤
የወሰደው ይበቃዋል፣ ግጥም አልጨምርለትም።

እኔስ?
እኔ አክስት ነኝ፤ ዶሲንዳ።
ያየሁትን "የሰው ገመና" ብዬ የሸፈንኩ፣
የልጅቷን አንገት መድፋት "ጨዋነት" ብዬ ያደነቅኩ።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል።
ያን ወርቅ አንገቴ ላይ አድርጌዋለሁ፤
ይከብዳል።

መጀመሪያ የገዛሁት ሦስት ፎጣ ነው፤
ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ዳክዬ ያለው።
ሦስት ሚስማር መታሁ። ለመታጠቢያው በር
መቀርቀሪያ ገጠምኩ፤ ከውስጥ የሚቀረቀር።
አማካሪዋ ሴትዮ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው፣
"ደንቡ አጭር ይሁን" አለችኝ፤ "ልጅ የሚሸከመው።"
ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፦
አንኳኩ፤ መልሱን ጠብቁ።
"አይሆንም" ማለት ስድብ አይደለም።
ስጦታ ይደበቃል፤ መነካት አይደበቅም።

ደንብ መለጠፍ ቀላል ነው።
ሌሊት ኡሺዮ ተነስቶ ይሄዳል ወደ እህቱ አልጋ፤
ትጠጋለታለች፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ፣ ሳትተኛ እስኪነጋ።
"እምቢ" የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ገና ጥርስ አላወጣም።
የምነሳው እኔ ነኝ፤ በባዶ እግሬ፤ አልቆጣም፤
"ና፣ አልጋህ አጠገብ ወንበር አለ፣ እኔ እቀመጣለሁ፤
እህትህ ናት እንጂ ዘብህ አይደለችም" እለዋለሁ።
መረቤን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እጠግናለሁ፤
ቋጠሮዬን እየቆጠረ እንቅልፍ ይወስደዋል።
አንዳንድ ሌሊት አይወስደውም።

በኅዳር፣ አንድ ማታ፣ ብራይስ ቻርጀር ፈልጎ
የሳቤላን በር በርግዶ ገባ።
ምንም አላደረገም። ቻርጀር ብቻ።
እሷ ግን በረዶ ላይ እንደተዘረጋ ዓሣ ደረቀች፤
ያን ዓይኗን አየው።
ደረጃው ላይ አገኘሁት፣ የእጅጌውን ጫፍ እያኘከ፤
"እንደ እሱ ነኝ ወይ?" አለኝ።
እጄን ወደ ትከሻው ዘርግቼ መለስኩት፤
አስቀድሜ ጠየቅኩት። እሺ አለ።
"አይደለህም። በሩ ግን የእሷ ነው።
ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አይሽረው።"
በማግስቱ ወረቀት በበሩ ስር አሾለከ፦
"ቻርጀሬን በዚህ በኩል ላኪልኝ።"
ገመዱ አለፈ፣ ራሱ አላለፈም።
ትንሽ ቆይታ፣ በሩን ስንዝር ያህል ከፈተች።
በገዛ እጇ።

እህቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ገና ማመን አልሆነላትም፤
"ወንድምና እህትን በበር ትለያለሽ? ሥጋ ከሥጋ አይለይም!"
"ቋጠሮ ከቋጠሮ ካልራቀ" አልኳት፣
"መረብ አይደለም፤ ጨርቅ ነው፤ ማዕበል ይቀደዋል።"
ዘጋችው።
በሚቀጥለው እሁድ ደወለች ደግሞ።

ትናንት ማታ የእኔ በር ተንኳኳ።
"ማነው?"
"ኡሺዮ ነኝ። ልግባ?"
አምሳ አራት ዓመቴ ነው። በአባቴ ቤት፣ በባሌ ቤት፣
ይህን ጥያቄ ሰምቼው አላውቅም።
"ቆይ" አልኩ፤ ልብሴን ለብሼ፣ ሥራ ፈትቼ፣
ቃሉን ልሞክረው ብዬ።
ቆየ።
በበሩ ስር የትንንሽ እግሮቹ ጥላ ይታየኛል፣
መሬት የሚጎተተው የዳክዬው ፎጣ ጫፍም።